እንጀራዬ ፎቅ ነው፤ ላሊበላ ላይ ግን ልክ ይኑረው

ወዳጆቼ፣ ይህ ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡና ተፈልቶ ይነበብ። ልትሰድቡኝ ያሰባችሁም መጨረሻውን ሳታዩ አትጀምሩ።

ጉዳዩ የላሊበላ ፎቅ ነው። በየጥቂት ወሩ እዚህ ፌስቡክ ላይ አንድ ሰው የኮምፒውተር ሥዕል ይለጥፋል። ሰማያዊ መስታወት የለበሰ ባለ ስድስት፣ ባለ ሰባት ፎቅ ሕንፃ፤ ከጀርባው የአሸተን ተራራ። ከላዩ «ላሊበላም ልታድግ ነው!» የሚል ጽሑፍ። ከሥሩ የላይክ መዓት። «ኧረ ይሄ ነገር የት ቦታ ላይ ነው የሚቆመው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ካለ «ፀረ ልማት» ይባላል፣ «ድህነት ናፋቂ» ይባላል፣ «አንተ ከተማ ተቀምጠህ እኛን በጎጆ ልታኖረን ነው?» ይባላል። እኔም ተብያለሁ። ዛሬ መልሴን በአንድ ቦታ ጽፌ ልገላገል።

መጀመሪያ ማንነቴን ልናገር። ተወልጄ ያደግሁት ላሊበላ ነው። አባቴ ግንበኛ ነበር። እኔም ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ በኮንስትራክሽን ነው የኖርሁት፤ ከቀን ሠራተኝነት ተነሥቼ ፎርማን ሆኛለሁ። ባሕር ዳርም፣ ደሴም፣ አዲስ አበባም ሶሌታ አስሞልቻለሁ። ፎቅ ጠል አይደለሁም። ልጆቼን የማበላው በፎቅ ነው። ፎቅ እንዴት እንደሚነደፍ፣ እንዴት እንደሚጸድቅ፣ ከጸደቀው በላይ አንድ ወለል እንዴት «እንደሚጨመርበት» አውቃለሁ። ስለማውቅ ነው የምናገረው።

ፎቅ ለላስታ ባዕድ ነው የሚልም ካለ ተሳስቷል። አያቶቻችን ክብ የድንጋይ ቤት በሁለት ደርብ ይሠሩ ነበር፤ ከቀዩ ድንጋይ፣ ደረጃው በውጭ፣ ክዳኑ ሣር። ዩኔስኮ ሳይቀር እነዚህን ቤቶች በስም ጠርቶ ጽፏቸዋል። በዛሬ ቋንቋ ጂ+1 ማለት ነው። ስለዚህ ክርክሩ «ፎቅ ወይስ ጎጆ» አይደለም። ክርክሩ ስንት ሜትር፣ የት ቦታ፣ በማን ፈቃድ የሚል ነው። ሦስቱንም ጥያቄዎች የሚሸሽ ሰው ነው «ልማት ልማት» እያለ የሚጮኸው።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

ቤተ መድኃኔ ዓለምን ሁላችንም እናውቀዋለን። ርዝመቱ 33 ሜትር ገደማ፣ ስፋቱ 23 ሜትር ገደማ፣ ከፍታው 11 ሜትር ተኩል ያህል ነው። አንድ ወለል 3 ሜትር ብለን ብንቆጥር ጂ+3 ሕንፃ ማለት ነው። ይህን የሚያክል ነገር ከአንድ አለት ተፈልፍሎ ሳለ ከሩቅ አይታይም። ቤተ ጊዮርጊስማ ጣሪያው ላይ ያለው መስቀል ከዙሪያው መሬት ጋር እኩል ነው፤ ጉድጓዱ ጫፍ እስክትደርስ ድረስ እዚያ ቤተ ክርስቲያን መኖሩን አታውቅም። እንግዶችን ይዤ ስሄድ ሁልጊዜ የማየው ነገር ነው፤ ሰውዬው እያወራ ይመጣና ጫፉ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል።

ያ ዝምታ ከየት ይመጣል? ዙሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ነው። ዓይንህ ተራራና ሰማይ እያየ መጥቶ ድንገት ወደ መሬት ይወርዳል። ከጉድጓዱ አጠገብ ጂ+5 ቢቆም ቤተ ክርስቲያኑ አይፈርስም፤ አንድ ጠጠር አይነካም። ግን ሕንፃው ከላይ ሆኖ ቁልቁል ያየዋል። አንድ የሆቴል እንግዳ በረንዳ ላይ ቢራውን ይዞ ቅዳሴ የሚገቡትን እናቶች አናት አናታቸውን ያያል። ከታች የቆመው ምእመን ደግሞ ቀና ሲል ሰማይ ሳይሆን የአልሙኒየም መስኮት ያያል።

በገና ጧት ቤዛ ኩሉ ሲባል ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው አለት ጫፍ ላይ ተደርድረው ይቆማሉ፤ ሌሎቹ ከታች ይቀበላሉ። ከታች ሆኖ ሽቅብ የሚያይ ሰው የሚታየው ነጭ ልብስ፣ ከዚያ በላይ ሰማይ ነው። (የብረት መጠለያው እንደተጠበቀ ሆኖ፤ እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።) ሌላው ዓለም «ስካይላይን» የሚለው የኛ ይሄ ነው። ሰማይና ከተማ የሚገናኙበት መስመር። ሌሎች ከተሞች መስመራቸውን በሕንፃ ሠሩት። ላሊበላን የሠሩት ሰዎች ግን ከላይ ያለውን ትተው ወደ ውስጥ ሠሩ። የተውት ነገር የሥራቸው ግማሽ ነው። ግማሹን ሸጠን ግማሹን ማስጎብኘት አንችልም።

የጀርመን ከተማ ኮሎኝን ተመልከቱ። የካቴድራሉ ማማዎች 157 ሜትር ናቸው፤ እግዜር ያሳያችሁ። ሆኖም ከወንዙ ማዶ ረጃጅም ሕንፃዎች ሊሠሩ ሲታቀድ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2004 ካቴድራሉን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አስገባው። ከተማው ዕቅዱን ቀንሶ በ2006 ከመዝገቡ ወጣ። እንግዲህ 157 ሜትር የሆነው ረጅም ሕንፃ ካሠጋው፣ ከመሬት በላይ ዜሮ ሜትር የሆነው የኛው ቤተ ጊዮርጊስ ስንት ወለል ይችላል?

«እሱ የፈረንጅ ነገር ነው» እንዳትሉኝ፤ ፈረንጅ የቀለደ ጊዜ ምን እንደደረሰበትም ልንገራችሁ። ድሬስደን የሚባለው የጀርመን ከተማ በወንዙ ሸለቆ መካከል ድልድይ አልሠራም አልል አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ከዓለም ቅርስ መዝገብ ተሰረዘ። ሊቨርፑል በወደቧ ዳር ግንባታ ምክንያት በ2021 ተሰረዘች። ቪየና በአንድ የከፍታ ሕንፃ ፕሮጀክት ምክንያት ከ2017 ጀምሮ በአደጋ መዝገብ ውስጥ ገባች። እነዚህ ከተሞች ሀብታሞች ናቸው። ቢሰረዙም ወደብ አላቸው፣ ፋብሪካ አላቸው፣ ኦፔራ አላቸው፣ ኳስ አላቸው። እኛ ምን አለን? ላሊበላ ያላት ላሊበላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 መጀመሪያ ከተመዘገቡት 12 የዓለም ቅርሶች አንዷ ናት። ይሄ ስም ከተነሳ በላስታ ደጋ ላይ ገብስና ስንዴ የሚያበቅል ቀጭን ማሳ ብቻ ነው የሚቀረን።

በሀገራችንም ያየነው አለ። የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ መዝገብ ውስጥ ገብቶ የወጣው በ2017 ነው። 21 ዓመት! ለመግባት አንድ ስብሰባ በቂ ነው፤ ለመውጣት አንድ ትውልድ ያስፈልጋል። ላሊበላ ዛሬ በዚያ መዝገብ ውስጥ የለችም። አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት ለዚህ ነው። ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮህ ውሻ ለማንም አልጠቀመም።

ቆይ፣ ሥዕሉ ላይ ሕንፃው አጭር ነው የሚለኝም አለ። «ጂ+2 ብቻ ነው ወንድሜ» ይላል። እዚህ ላይ ሙያዬን ልጠቀም።

ላሊበላ ተዳፋት ናት። ወለል የሚቆጠረው ከየት በኩል ነው? ከላይኛው መንገድ በኩል ከሆነ ጨዋታው እዚያ ላይ ነው። መሬቱ በየ10 ሜትሩ 3 ሜትር ይወርዳል እንበል። ወደ ቁልቁለቱ 20 ሜትር የሚገባ ሕንፃ ከታች በኩል 6 ሜትር ይጨምራል፤ ሁለት ወለል ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ ጂ+2 ነው፣ ከመንገዱ በኩል ሦስት ወለል ታያለህ፣ ከሸለቆው በኩል አምስት ወለል ይቆምብሃል። «ቤዝመንት ነው» ይሉሃል፤ መስኮት ያለው፣ በረንዳ ያለው፣ ፀሐይ የሚሞቅበት ቤዝመንት! በዚያ ላይ ጣሪያው አይቆጠርም። የደረጃው ቤት አይቆጠርም። ሮቶው አይቆጠርም። ሮቶው የሚቆምበት ብረት አይቆጠርም። የቴሌ አንቴና ቢከራይበት እሱም አይቆጠርም። 9 ሜትር ተብሎ የተጸደቀው 20 ሜትር ሆኖ ያርፋል፤ ሕግ የጣሰ ሰው ደግሞ የለም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለት ይሄ ነው።

ስለዚህ «ስንት ፎቅ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ወለል የሚቆጥር ደንብ ተዳፋት ላይ ይታለላል። ጠይቁ ከተባለ፣ «የሕንፃው ጫፍ፣ ከነሮቶው፣ ከባሕር ወለል በላይ ስንት ሜትር ላይ ያርፋል? ከቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ሲታይስ ከተራራው መስመር በላይ ይወጣል ወይ?» በሉ። ይህን አንድ ሰርቬየር በአንድ ቀን ለክቶ ይነግራችኋል። ቶታል ስቴሽን አይዋሽም።

ሁለተኛው ሙያዊ ነገር መሠረቱ ነው። ጂ+1 የድንጋይ ቤት በጥልቅ ቁፋሮ አይቆምም፤ መጠነኛ የድንጋይ መሠረት ይበቃዋል። ጂ+5 ግን ለኮለኖቹ ፉቲንግ ይፈልጋል፤ ፉቲንግ ደግሞ ቁፋሮ ነው። ቁፋሮው ምን ላይ ነው? ቤተ ክርስቲያኖቹ በተፈለፈሉበት በዚያው በእሳተ ገሞራ አለት ላይ። አባቶች በመሮ የነኩትን አለት እኛ በጃክ ሐመር ስናንቀጠቅጠው ስንጥቁ የት ድረስ እንደሚሄድ ማን ያያል?

ሦስተኛው ውሃ ነው፤ ከሁሉም የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ቤተ ክርስቲያኖቹን እየበላቸው ያለው ውሃ እንደሆነ የማያውቅ የላሊበላ ልጅ የለም። አባቶች ውሃ መውረጃውን አብረው ነበር የፈለፈሉት፤ ቦዩ ለዘመናት በአፈር ተደፍኖ ቆይቶ የተጠረገው በሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው። ጉዳቱ ግን ደርሷል። ቤተ አማኑኤል የመደርመስ ሥጋት እንዳለበት የዩኔስኮ ሰነድ በስም ጠርቶ ጽፏል። አሁን ከላይ በኩል 60 ክፍል ሆቴል አስቡ። 60 መታጠቢያ፣ 60 ሽንት ቤት። ያ ሁሉ ውሃ በሴፕቲክ ታንክ ወደ መሬት ይገባል። መሬቱ ደግሞ ቁልቁል ነው። ከታች ያለው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ? ዛሬ ላይክ ያደረጋችሁለት ወለል በጨመረ ቁጥር ወደ አለቱ የሚሰርገው ውሃም ይጨምራል። ከፍታ የዓይን ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው ከመሬት በታች ያለውን አላየም።

«ሕግ የለም እንዴ?» ለምትሉኝ፦ አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የበዛበት አካባቢ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ሊከለል እንደሚችል፣ በተከለለ ቦታ ላይም ያለ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ሕንፃ መሥራት፣ መንገድ ማውጣት፣ መቆፈር እንደማይቻል ይናገራል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ ከ12 ሜትር በላይ የሆነ ሕንፃን ከሕዝብ መገልገያና ከፋብሪካ ጋር በከባዱ ምድብ፣ በምድብ «ሐ» አስቀምጦት ነበር። ሀገሩ ሁሉ 12 ሜትርን ከባድ ነው ብሎ ተስማምቶ ነበር። ላሊበላ ላይ ብቻ «ትንሽዬ ሕንፃ ናት» ይባላል።

ችግሩ ሕግ ማጣት አይደለም። ችግሩ ቁጥሩን ማንም አለማየቱ ነው። እስቲ ከእናንተ መካከል «በዚህ ቀበሌ፣ በዚህ ሰፈር፣ ይህን ያህል ሜትር ድረስ ብቻ» የሚል ካርታ በአደባባይ ተለጥፎ ያየ እጁን ያውጣ። ኮሜንት ላይ ፎቶውን ይለጥፍልኝ፤ ይቅርታ ጠይቄ ጽሑፌን አወርዳለሁ። ከመሳቢያ ውስጥ ያለ ቁጥር የመሳቢያው ቁልፍ የያዘው ሰው ንብረት ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚባልበት ሀገር ላይ ያልተለጠፈ ደንብ ምን እንደሚሆን እኔ አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ሆዴ ጉዳይ ልምጣ፤ የፍትሕ ጉዳይ።

ከቤተ ክርስቲያኖቹ ዙሪያ ብዙ ቤተሰብ ተነሥቷል። በዓለም ባንክ በተደገፈው የቱሪዝም ልማት ፕሮጀክት ዘመን ስንቱ ጎረቤታችን ከተወለደበት ግቢ ወጥቶ ሌላ ቦታ ሰፈረ። የተባሉት «ለቅርሱ ሲባል» ነው። አብዛኛው ሰው እንባውን ጠርጎ እሺ አለ፤ ለላሊበላ ነዋ! እናቴ ሳትነሣ ቀረች፤ ግን ቤቷ ከክልሉ አጠገብ ስለሆነ የሚያፈስ ጣሪያዋን ለመቀየርና ኋላ በኩል አንዲት ማድ ቤት ለመጨመር ፈቃድ ጠየቀች። ሦስት ክረምት ተመላለሰች። «የቅርስ ክልል ነው፣ አይፈቀድም» ተባለች። እሺ፣ ይሁን። በዚያው ሦስት ዓመት ውስጥ ከቤቷ ሽቅብ ሲታይ አንድ ሕንፃ አራት ወለል ወጣ። የማን እንደሆነ፣ ማን እንደፈቀደው አልጽፍም። እናቴ አንድ ቀን ቀና ብላ አየችውና «ልጄ፣ ቅርሱ የሚፈራው የድሃ ማድ ቤት ብቻ ነው እንዴ?» አለችኝ። መልስ የለኝም። እስቲ እናንተ መልሱላት።

የከፍታ ገደብ ድሃን ማጥቂያ የሚመስላችሁ ይህን አስቡ። ድሃ ጂ+6 አይሠራም። የከፍታ ገደብ የሚይዘው ብር ያለውን ነው። አሁን ያለው አሠራር ግን ብር የሌለውን ነው የሚይዘው። ደንቡ ተጽፎ ይለጠፍ የምለው ለተራራውና ለሰማዩ ብቻ ብዬ አይደለም፤ ለእናቴም ማድ ቤት ነው። ቁጥሩ ከታወቀ «የአንቺ 3 ሜትር ይፈቀዳል፣ የእሱ 15 ሜትር አይፈቀድም» የሚል ወረቀት ይኖራታል።

ወደ መጠለያው ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ የተተከሉትን አራት የብረት መጠለያዎች ታስታውሳላችሁ። ለጊዜው ተብለው ነበር፤ ይኸው ዕድሜያቸው ገፋ። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የላሊበላ ሕዝብ ሰልፍ ወጣ፤ «መጠለያው ሊወድቅብን ነው፣ ቅርሳችንን አድኑ» ብሎ ጮኸ። ድምፁ ተሰማ፤ በመጋቢት 2011 የፈረንሳዩ ፕሬዝዳንት ማክሮን ላሊበላ ድረስ መጥቶ እናግዛለን አለ። ያ ሕዝብ ያው ሕዝብ ነው። ዓይኑን የጋረደውንና ያሠጋውን ነገር አይቶ መንግሥትንም ፈረንጅንም ማንቀሳቀስ የቻለ ሕዝብ ነው። ታዲያ የብረቱ ምሰሶ ሲጋርደው የጮኸ ሰው፣ የኮንክሪት ምሰሶ ሲጋርደው ለምን ላይክ ያደርጋል? ብረቱ የፈረንጅ ስለሆነ፣ ኮንክሪቱ የዘመድ ስለሆነ? የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ የሚለውን ተረት እኛ ላይ እንዳይተርቱብን።

ፈረንሳዮችን ካነሣሁ አይቀር፦ ፓሪስ እ.ኤ.አ. በ1973 መሐል ከተማ አጠገብ ሞንፓርናስ የሚባል 210 ሜትር ሕንፃ አቆመች። ሕዝቡ አይቶ ደነገጠ። በ1977 የሕንፃ ከፍታ 37 ሜትር ላይ እንዲቆም ተደረገ። ኋላ ላላ፣ እንደገና ረጃጅሞች መጡ፣ በ2023 ገደቡን መልሰው አጠበቁት። ፓሪስ ደኽየች? ባሊ የምትባለው የኢንዶኔዥያ ደሴት ደግሞ ለዐሥርት ዓመታት ከ15 ሜትር በላይ አይሠራባትም፤ ከኮኮናት ዛፍ አይብለጥ ነው ነገሩ። በዓመት በሚሊዮን የሚቆጠር ቱሪስት ይገባል። ዝቅ ብለው ነው የከበሩት።

«አዲስ አበባስ?» ትሉኛላችሁ። አዲስ አበባ የራሷ መንገድ አላት። የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት 209 ሜትር ነው፤ ሳየው እኔም እንደ ባለሙያ ባርኔጣዬን አነሣለሁ። አዲስ አበባ ዋና ከተማ ናት፣ ገንዘብ መዞሪያ ናት፤ ከፍታ ቢያምራት የሷ ነገር ነው። ላሊበላ ላይ ጂ+6 ብትደረድር ግን የምታገኘው ስምንተኛ ደረጃ አዲስ አበባን ነው። ከቶኪዮም ከሮምም ተነሥቶ የሚመጣ ሰው ሀገሩ የሞላውን መስታወት ሊያይ አይመጣም። ኦሪጂናሉን ትተን የሌላውን ኮፒ ለመሆን የምንሽቀዳደመው ለምንድን ነው?

የመጨረሻውን ክርክር ደግሞ በአክብሮት ልመልስ፤ የወጣቶቹን። «ሥራ የለንም፣ ቤት የለንም፣ በሰማይ መስመር አንበላም» ትላላችሁ። እውነት ነው። ኮሮና መጣ፣ ከዚያ በ2013 መጨረሻና በ2014 ጦርነቱ ከተማችን ድረስ ገባ፣ ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ ሌላው ግጭት ተከተለ። አስጎብኚው ጫማ ሻጭ ሆነ፣ የሆቴሉ ልጅ ተሰደደ። የሚያመኝን እናንተ ብቻ አይደላችሁም የምታውቁት። ነገር ግን እስቲ በሐቅ እንነጋገር፤ ላሊበላ ፎቅ ስለሌላት የቀረ ቱሪስት አለ? አንድ? የቀረው ሰላም ስለጠፋ ነው። ያሉት ሆቴሎች አልጋቸው ባዶ ሆኖ እያለ አዲስ ሰባት ፎቅ ማንን ሊያሳድር ነው? ለገና ነው ካላችሁ፣ የገና እንግዳ በብዛት ተሳላሚ ነው፤ ስንቁን ይዞ በእግሩ የሚመጣ፣ እግሩን አጥበን የምንቀበለው። እሱ አምስተኛ ፎቅ ላይ ክፍል አይከራይም።

የሥራ ነገር ከሆነ ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አይምጣብኝ። አንድ የመስታወት ፎቅ ሲሠራ ብረቱ ከውጭ፣ መስታወቱ ከውጭ፣ አልሙኒየሙ ከውጭ፣ ገጣጣሚው ከአዲስ አበባ ይመጣል። ለላሊበላ ልጅ የሚቀረው አሸዋ መሸከም ነው። በዚያው ብር ባለ ሁለት ደርብ የድንጋይ ቤቶች ቢሠሩ ጠራቢው የኛ፣ ግንበኛው የኛ፣ አናጢው የኛ ነው። አባቴ ድንጋይ ሲጠርብ አጠገቡ ሦስት ተለማማጅ ነበሩት። ዛሬ ያን ሙያ የሚያውቁ በጣት ይቆጠራሉ። አለት ጠርቦ ዓለምን ያስደነቀ ሀገር ልጅ ብሎኬት ሲደረድር መዋል አለበት?

መቃወም ብቻ እንዳይሆንብኝ፣ ይሁን የምለውን በቁጥር ላስቀምጥ፦

1. ከቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ፣ ከቤተ ማርያም አፋፍና ከአሸተን መንገድ ላይ የዓይን መስመር ይለካ። ከዚያ መስመር በላይ ምንም አይውጣ። ልኩ በወለል ሳይሆን ከባሕር ወለል በላይ በሜትር ይጻፍ።

2. ከፍታ የሚቆጠረው ተዳፋቱ ዝቅ ካለበት ጎን ይሁን። ጣሪያው፣ የደረጃው ቤት፣ ሮቶው፣ አንቴናው፣ ሁሉም ይቆጠር። የሚያብረቀርቅ መስታወትና ሰማያዊ ቆርቆሮ ከአብያተ ክርስቲያናቱ በሚታይ ቦታ ላይ አይፈቀድ።

3. ደንቡ ለሁሉም እኩል ይሁን። ለሆቴል፣ ለባንክ፣ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ለደብሩም ለራሱ ግንባታ። «ይሄ የመንግሥት ነው»፣ «ይሄ የቤተ ክርስቲያን ነው» የሚል ቀዳዳ ካለ ሁሉም በዚያች ቀዳዳ ይገባል።

4. ካርታው በማዘጋጃ ቤቱ በርና በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ላይ ይለጠፍ። እያንዳንዱ ሳይት ላይ የተፈቀደው ሜትር በትልቁ የተጻፈበት ታፔላ ይቁም። ከዚያ የላሊበላ ሕዝብ ራሱ ይቆጥራል፤ ሌላ ተቆጣጣሪ አያስፈልግም።

5. ከፍ ያለ ነገር መሥራት የግድ ከሆነ፣ ከዓይን መስመሩ ውጭ፣ ከአብያተ ክርስቲያናቱ በታችና ከተራራው ጀርባ ቦታ ይፈለግለት። ውሃውም ወደ ቅርሱ የማይወርድበት ይሁን። እዚያ ሲመራ ደግሞ «ለቅርሱ ሲባል» የተነሡ ቤተሰቦች ቅድሚያ ያግኙ። የከፈሉት ዋጋ አለና።

6. በክልሉ ውስጥ ለቀሩት ትንንሽ ቤቶች ጣሪያ፣ ማድ ቤትና መጸዳጃ ማደስ በግልጽ ይፈቀድ። ልክ ያለው ደንብ ድሃውንም ከመመላለስ ያሳርፋል።

ይህ ሁሉ የሚሊዮን ብር ጥናት አይፈልግም። አንድ ሰርቬየር፣ አንድ ካርታ፣ አንድ ቆራጥ ስብሰባ ይበቃል። ዛሬ ግንባታው በተቀዛቀዘበት ሰዓት ነው መወሰን ያለበት። ሰላም ሲመጣ (ይመጣል፣ እግዚአብሔር ያምጣው) ብሩ አብሮ ይመጣል፤ ብሩ ከመጣ በኋላ «እንነጋገር» ብትሉ የሚሰማችሁ የለም። ሶሌታው ከተሞላ በኋላ ያፈረሰ ከንቲባ እኔ በሙያ ዘመኔ አላየሁም። ተቀጥቶ ነው የሚቀጥለው፤ ቅጣቱንም ከመጀመሪያው በጀቱ ውስጥ አስገብቶት ነው።

ለከተማው አስተዳደር፣ ለቅርስ ባለሥልጣን፣ ለደብሩ አባቶች፦ ጥያቄዬ አንዲት ናት። ቁጥሩ ስንት ነው? ንገሩን፤ ለጥፉልን። ይህን ጽሑፍ የምታነቡ የላስታ ልጆችም፣ ሀገር ቤት ያላችሁም ውጭ ያላችሁም፣ ነገ የኮምፒውተር ሥዕል ሲለጠፍ ላይክ ከማድረጋችሁ በፊት ከሥሩ ይህችኑ ጻፉ፦ «ጫፉ ከነሮቶው ስንት ሜትር ነው? ከቤተ ጊዮርጊስ ይታያል?» መልስ የሌለው ሥዕል ከሆነ እለፉት።

መሳደብ የፈለገ አሁን ይጀምር። ለመከራከር የመጣ ግን ሜትሩን ይዞ ይምጣ።

ቸር ያሰማን። ሼር አድርጉት፣ ለሚመለከተው ይድረስ።